በመድረሳ የሐላል እርድና የቁጥጥር ሥልጠና እንዴት ይከፈታል?

አንድ ቁራጭ ሥጋ ላቦራቶሪ ቢገባ የበግ ይሁን የአሳማ በዘረመል ምርመራ ይለያል። ያ በግ ሲታረድ የአላህ ስም ተወስቶበት እንደሆነ፣ ቢላው ሲያርፍበት ነፍስ ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለውን ግን የትኛውም መሣሪያ አይነግርም። ሐላል ሥጋ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ሊያየው ለማይችለው ነገር ነው፤ የሚያምነውም በቦታው የነበረውን ሰው ነው። ያን ሰው የሚያወጣው ደግሞ ትምህርት ቤት ነው።

በብዙ መድረሳ የእርድ ምዕራፍ ከፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ኪታብ ውስጥ በጥቂት ቀናት ተቀርቶ ያልፋል። ደረሳው (ተማሪው) የእርድን መስፈርቶች በቃሉ ይዘረዝራል፤ በጎች ያለ ፋታ በሚያልፉበት የቄራ መስመር ላይ ግን ቆሞ አያውቅም። ቄራው በበኩሉ ቢላ የሚይዝ ሙስሊም ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በሁለቱ መሐል ያለውን ክፍተት መሙላት ለሚፈልጉ የመድረሳ አስተዳዳሪዎችና ኮሚቴዎች ነው። ያሰብኩት ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚፈጅ ሥልጠና ነው። በሁለት ሳምንት ጨርሶ ወረቀት ማደል ለሚፈልግ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ ሥጋው የት እንደሚሄድ ጠይቁ

ሥርዓተ ትምህርት ከመጻፋችሁ በፊት ተመራቂዎቻችሁን የሚቀጥሩት ቄራዎችና ላኪዎች ለማን እንደሚሸጡ እወቁ። የሸሪዓው መሠረት አንድ ቢሆንም እያንዳንዱ ገበያ የራሱን ደረጃ ጽፏል። ለመነሻ የሚበጀው የዓለም የምግብ ደረጃዎች ኮሚሽን (ኮዴክስ) እ.ኤ.አ. በ1997 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሐላል በሚለው ቃል አጠቃቀም ላይ ያወጣው አጭር መመሪያ ነው። አራጁ አእምሮው ጤነኛ የሆነና የእርዱን ሥርዓት የሚያውቅ ሙስሊም ይሁን፤ እንስሳው በሕይወት ይኑር፤ በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ ከመታረዱ በፊት ወዲያው ቢስሚላህ ይባል፤ ቢላው ስለታም ይሁን፣ እርዱ ሳያልቅም ከአንገቱ አይነሳ፤ የአየር ቧንቧው፣ የምግብ ቧንቧውና ዋና ዋናዎቹ የአንገት የደም ሥሮች ይቆረጡ ይላል። ማሌዥያ ኤምኤስ 1500 የተባለውን ደረጃዋን በ2019 አድሳለች። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ጂኤስኦ 993 የሚባል ለእርድ ብቻ የተጻፈ ደረጃ አላቸው። በእስላማዊ ትብብር ድርጅት ሥር ያለው፣ መቀመጫው ኢስታንቡል የሆነው የደረጃዎች ተቋም ስሚክም ለአባል አገሮቹ የጋራ ደረጃ አውጥቷል።

በተለይ ኢንዶኔዥያን ተመልከቱ። በ2014 የወጣው ሕግ ቁጥር 33 የሐላል ማረጋገጫን ከፈቃደኝነት ወደ ግዴታ አዞረው። ለምግብ፣ ለመጠጥና ለእርድ አገልግሎት የተሰጠው የመጀመሪያው የጊዜ ገደብ ኦክቶበር 17 ቀን 2024 አብቅቷል፤ ለጥቃቅንና አነስተኛ አምራቾች እስከ 2026 ተራዝሟል። ሕጉ አምራቹ የሐላል ተቆጣጣሪ እንዲመድብ ስለሚያዝ፣ ቀድሞ በልማድ ይሠራ የነበረው ሥራ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት የሚጠይቅ ሙያ ሆኗል። ሌሎች ገበያዎችም ወደዚያው እያመሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ ለእናንተ ሰዎች የሚጠቅሙትን ሁለት ወይም ሦስት ደረጃዎች ብቻ መርጣችሁ ሙሉ ጽሑፋቸውን አግኙ። ከዚያ የምታሠለጥኑትን ሰው ለዩ፦ አራጅ፣ የሐላል ተቆጣጣሪ ወይስ የሰነድ ሠራተኛ? ሦስቱ የጋራ ትምህርት አላቸው። ጎበዝ አራጅ ግን የግድ ጎበዝ ተቆጣጣሪ አይሆንም፤ ቢላ የማይደፍር ሰውም መዝገብ ላይ ንስር ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ አስተማሪን፣ ፈታኝንና ማኅተም ያዥን ለያዩ

ሌላውን ብታሳጥሩ ይህን አታሳጥሩ። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ አንድ ማኅበር ሥልጠናውን ይሰጣል፣ ራሱ ይፈትናል፣ ያሠለጠነውን አራጅ ወደ ቄራ ይልካል፣ ቀጥሎ ለዚያው ቄራ የሐላል ሰርቲፊኬት ይሸጣል። ብዙ ጊዜ የሚመሩት ቅን ሰዎች ናቸው፤ እንከኑ ያለው የተቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። ሰልጣኙን ከጣሉት የራሳቸውን ትምህርት ነቀፉ ማለት ነው። ቄራውን ቢከለክሉ ደግሞ ተመራቂዎቻቸው ሥራ ያጣሉ፣ ማኅበሩም ገቢ ያጣል። በዚህ ወንበር ላይ ዓሊምም ቢቀመጥ ይፈተናል።

አይኤስኦ 17065 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ምርት የሚያረጋግጥ ተቋም ለሚያረጋግጠው ድርጅት አማካሪ እንዳይሆን ይከለክላል። የባሕረ ሰላጤውና የስሚክ የሐላል ማረጋገጫ ደንቦችም የተመሠረቱት በዚሁ ላይ ነው። የሰውን ብቃት ስለማረጋገጥ የሚናገረው አይኤስኦ 17024 ደግሞ ማሠልጠንና ማረጋገጥ በአንድ እጅ ሲሆኑ ገለልተኝነት አደጋ ላይ እንደሚወድቅ ያስጠነቅቃል። ሐሳቡ ለሙስሊም እንግዳ አይደለም። በጥንት እስላማዊ ከተሞች ሥጋ ሻጩን የሚፈትሸው ሙሕተሲብ ነበር፤ ሥራውም መቆጣጠር እንጂ መሸጥ አልነበረም።

በተግባር እንዲህ አድርጉት። መድረሳው ያስተምር። ፈተናውን ከመድረሳው ደመወዝ የማይበላ ዓሊም፣ የእንስሳት ሐኪምና ልምድ ያለው አራጅ ሆነው ይስጡ፤ አራጁ ተመራቂዎቹን ከሚቀጥረው ቄራ የመጣ አይሁን። የምርት ሰርቲፊኬት መስጠቱን ገዢው አገር ለሚያውቀው የማረጋገጫ ተቋም ተዉለት። ይህን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ጻፉና ስሞቹን በይፋ ለጥፉ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሥጋ ላኪ ከሆነ (ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ መድረሳ የሚረዳው ነጋዴ ነውና) ስለ ፈተናና ስለ ተመራቂ ምደባ ሲወራ ከስብሰባው ይውጣ፣ መውጣቱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። መጀመሪያ ላይ ሊከፋው ይችላል። ገዢው መርማሪ ልኮ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲጠይቅ ግን ራሱ ያመሰግናችኋል።

ደረጃ 3፦ የመዝሃብ ልዩነትን ከመጀመሪያው ቀን አስቀምጡት

የተለያየ መዝሃብ (የፊቅህ መንገድ) ያላቸው ደረሶች አንድ ክፍል ከገቡ በሁለተኛው ቀን ክርክር ይነሳል። ስለዚህ ቀድማችሁ አስተምሩት። በሻፊዒዮች ዘንድ የአየር ቧንቧው (ሑልቁም) እና የምግብ ቧንቧው (መሪእ) መቆረጥ ይበቃል፤ ሁለቱን የደም ሥሮች (ወደጀይን) መጨመር ሱና ነው፣ ማለትም የሚወደድ እንጂ ግዴታ አይደለም። ማሊኪዮች የአየር ቧንቧውንና ሁለቱን የደም ሥሮች ይጠይቃሉ። ሐነፊዮች ከአራቱ ሦስቱን። ተስሚያውን (የአላህን ስም ማውሳትን) በተመለከተ ሻፊዒዮች ሱና ነው ሲሉ ሌሎቹ ግዴታ ያደርጉታል፤ ረስቶ የተወውን ግን ይቅር ይላሉ።

ለሥራው የሚሆነው ደንብ ቀላል ነው፦ አራቱም ይቆረጡ፣ ተስሚያው በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ በሚሰማ ድምፅ ይባል። እንዲህ ሲሆን የትኛውም መዝሃብ የሚያነሳው ቅሬታ አይኖርም። ደረሳው ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት። የሚከተለውን መዝሃብ ብቻ አውቆ የወጣ ተቆጣጣሪ በሄደበት ሁሉ ሐራም እያለ ሲበጠብጥ ይኖራል።

ሸሪዓ የፈቀደውና ደረጃ የሚጠይቀው ነገርም ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ አስረዱ። ቁርኣን ሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 5 ላይ የመጽሐፉን ባለቤቶች (የአይሁድና የክርስቲያኖችን) ምግብ ይፈቅዳል፤ የኮዴክሱ መመሪያ ግን አራጁ ሙስሊም ይሁን ይላል። ተመራቂው ደረጃውን ያላሟላን ጭነት ሲመልስ ‹‹ይህ ለዚህ ገበያ አያልፍም›› ይላል እንጂ ‹‹ሐራም ነው›› ብሎ ፈትዋ አይሰጥም።

አንድ ሐዲስ ደግሞ ያለ ቦታው ሲጠቀስ ትሰማላችሁ። የአላህ ስም ይወሳበት አይወሳበት የማናውቀው ሥጋ ይመጣልናል ብለው ሰዎች በጠየቁ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናንተ ስሙን አውሱና ብሉ ማለታቸውን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስተላልፋለች፤ የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግቦታል። ይህ ለበላተኛው የተሰጠ ማቅለያ ነው። ለማወቅ ተቀጥሮ መስመሩ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ ሐዲሱን መሸሸጊያ ሊያደርገው አይችልም።

ደረጃ 4፦ የእንስሳት ሐኪም ወደ ክፍል አስገቡ

ከሥልጠናው ሲሶውን ያህል የሚያስተምረው ኡስታዝ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም ይሁን። አንዳንድ ኮሚቴ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ መነሻው ግን ራሱ ሐዲሱ ነው። አላህ በሁሉም ነገር ላይ ማሳመርን አዟል፣ ስታርዱም አስተራረዳችሁን አሳምሩ፣ ቢላችሁን ሳሉ፣ እንስሳውን አሳርፉት የሚለውን የሐዲስ ሰብሳቢው ኢማም ሙስሊም ዘግቦታል። እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሳየው ሐኪሙ ነው።

ተጉዞ የመጣ እንስሳ ውኃ ጠጥቶ፣ እፎይ ብሎ ይቆይ። የተንገላታና የደነገጠ እንስሳ በጡንቻው ያጠራቀመውን ኃይል ይጨርሳል። ከታረደ በኋላ ሥጋው እንደ ወጉ ወደ አሲድነት ስለማይወርድ (የጤነኛ ሥጋ የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤች፣ ከ7 ገደማ ተነስቶ እስከ 5.5 አካባቢ ይወርዳል) ጠቁሮና ደርቆ ይቀራል፣ ቶሎም ይበላሻል። እንስሳውን ያላሳረፈ ቄራ ገዢውንም ያጣል ማለት ነው።

ቢላው ርዝመቱ ከአንገቱ ስፋት እጥፍ ገደማ ይሁን፣ ስለቱም ያልተሸራረፈ። በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ የተያዘ ወረቀትን ሳይጎትት የማይቆርጥ ቢላ ለእርድ አይቀርብም። ደረሳው መሳልን ራሱ ይማር፤ ሲስልም እንስሳው በማያይበት ቦታ ይሁን። አንድ አራጅ ቢያንስ ሁለት ቢላ ያስፈልገዋል፤ በአንዱ ሲሠራ ሌላው 82 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ውኃ ውስጥ ይቆያል።

ደረሶች የሚሳሳቱት ከቆረጡ በኋላ ነው። የበግ አንጎል ደም የሚያገኘው በዋናነት በአንገቱ ፊት በሚያልፉት ትላልቅ ቧንቧዎች ስለሆነ፣ እነሱ ሲቆረጡ በጉ በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። በሬ ግን በአከርካሪው በኩል የሚያልፍ፣ ቢላ የማይደርስበት ሌላ የደም መንገድ አለው፤ የተቆረጠው ቧንቧ ጫፍም አንዳንዴ በረጋ ደም ይደፈናል። ስለዚህ በሬ ዘግየት ይላል። የመተንፈስ ምልክት መጥፋቱንና ዓይኑ ሲነካ አለመርገብገቡን ሳያዩ መግፈፍም ሆነ ብልት ማውጣት ክልክል መሆኑን በተግባር አለማምዱ። ዶሮም ነፍሷ ሳይወጣ ወደ ሙቅ ውኃ እንዳትገባ።

ማደንዘዝን፣ ማለትም እንስሳውን ከእርዱ በፊት በኤሌክትሪክ ወይም በምት ራሱን ማሳትን፣ ሳታነሱ አትለፉ፤ በዛሬው ንግድ ትልቁ ክርክር እሱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 1099 እ.ኤ.አ. 2009 እንስሳ ከመታረዱ በፊት ይደንዝዝ ይላል፤ ለሃይማኖታዊ እርድ ልዩ ፈቃድ ቢተውም፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 17 ቀን 2020 አባል አገሮች ያለማደንዘዝ ማረድን መከልከል እንደሚችሉ በቤልጅየም ጉዳይ ወስኗል። በሌላ በኩል የዓለም አቀፉ እስላማዊ የፊቅህ አካዳሚ በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ማደንዘዝን ከነመስፈርቶቹ ተመልክቶታል፤ ዋናው ነገር እንስሳው ከእርዱ በፊት አለመሞቱ ነው። ዶሮን በኤሌክትሪክ ማደንዘዝን ግን፣ ጥቂት የማይባሉት ሳይታረዱ ስለሚሞቱ፣ አልፈቀደም። ተቆጣጣሪው ሊይዘው የሚገባው ፈተና አንድ ነው፦ ደንዝዞ የነበረው እንስሳ ሳይታረድ ቢተው ተነስቶ ይሄዳል? በየጊዜው አንድ እንስሳ ለይቶ መፈተን፣ ውጤቱን መመዝገብ፣ ያልተነሳ ከተገኘ መስመሩን ማስቆም ሥራው ነው። ቀንድ ከብትን የራስ ቅል በሚበሳ መሣሪያ ማደንዘዝን የማሌዥያው ደረጃ አይቀበልም።

ደረጃ 5፦ ልምምድ

ከዶሮ ጀምሩ፣ ወደ በግና ፍየል እለፉ፣ በሬ መጨረሻ ይሁን። እያንዳንዱ ደረሳ የልምምድ ደብተር ይኑረው፤ ያረደውን ሳይሆን የተሳሳተውን የሚመዘግብበት። ዒደል አድሓ ጥሩ አጋጣሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ጀማሪን በሰው ኡድሒያ (የበዓሉ መሥዋዕት እርድ) ላይ አታለማምዱ። በዚያን ቀን ልምድ ካለው አራጅ አጠገብ ቆሞ መርዳት ይበቃዋል። የልምምዱ ሥጋ ለሶደቃ ይሂድ፣ ማን እንደወሰደውም ይጻፍ።

ሴት ደረሶችን ተቀበሉ። አንዲት እረኛ ሊሞትባት የነበረን በግ በድንጋይ ስለት አርዳ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲበላ መፍቀዳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በቁጥጥርና በሰነድ ሥራ ላይ ደግሞ ጭራሽ የሚያነጋግር ነገር የለም።

ደረጃ 6፦ ከቢላው በኋላ ያለውን መንገድ አስተምሩ

ሐላል የታረደ ሥጋ በማቀዝቀዣ ክፍል፣ በመኪና፣ በመጋዘን ሊቀላቀል ይችላል። በ2020 መጨረሻ ማሌዥያን ያናወጠውን ነገር አስታውሱ፦ ከውጭ የገባ የበረዶ ሥጋ በጆሆር መጋዘን የሐሰት የሐላል ምልክት እየተለጠፈበት ሲሸጥ ነበር ተባለ። የተባለው ማጭበርበር ያለው መጋዘንና ወረቀት ላይ ነው፤ ኪታቡን በቃሉ የያዘ አራጅ ሊያስቆመው አይችልም።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው መንገዱን በእግሩ ይሂድ። የሐላሉ ሥጋ የተለየ መስቀያ፣ የተለየ መቁረጫ፣ የተለየ ክፍል አለው? አሳማ ተይዞበት የነበረ ዕቃ በምን ሥርዓት ነጻ? ማኅተሙ ማታ የት ያድራል፣ ቁልፉስ ከማን ጋ ነው? ሙቀትንም አብሮ ይለካ። በአውሮፓ ደንብ ሥጋው እስከ ውስጡ 7 ዲግሪ፣ የሆድ ዕቃ 3 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ የበረዶ ሥጋ ከዜሮ በታች 18 ላይ ይያዛል። የተበላሸ ሥጋ በተስሚያ አይድንም፤ ቁርኣኑም ሐላልን ከጠይብ (መልካምና ንጹሕ) ጋር አጣምሮ ነው የጠራው።

ደረጃ 7፦ ስሕተት የተደበቀበት ፋይል

ሰነድን ለማስተማር ከሁሉ የሚሻለው የአንድ ጭነት ሙሉ ፋይል አዘጋጅቶ ውስጡ ስሕተቶችን መደበቅ ነው። የቅድመ እርድና የድኅረ እርድ ምርመራ ቅጽ፣ የዕለቱ የእርድ መዝገብ፣ የሚዛን ወረቀት፣ የካርቶን ምልክት፣ የሐላል ሰርቲፊኬት፣ የጤና ሰርቲፊኬት ይኑርበት። አንዱ ሰርቲፊኬት ከእርዱ ቀን በፊት የተፈረመ ይሁን። የእርድ መዝገቡ ላይ ፊርማው ያለው አራጅ በዚያ ቀን የዕረፍት ፈቃድ ላይ መሆኑ በሌላ ወረቀት ይታይ። የቄራው መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ በአንድ አኃዝ ይለይ። ሰርቲፊኬቱን የሰጠው ተቋም በገዢው አገር ዝርዝር ውስጥ አይገኝ።

ሒሳቡን በተለይ አጥብቁበት። 200 በግ በአማካይ 12 ኪሎ ቢወጣው 2,400 ኪሎ ነው። ጭነቱ 3,100 ኪሎ ካለ የቀረው 700 ኪሎ ከየት መጣ? ይህችን ስሌት የማይሠራ ተቆጣጣሪ ቀኑን ሙሉ መስመር ላይ ቢቆምም ይታለላል።

ደረጃ 8፦ ፈተናው ‹‹አቁሙ›› የማለት ፈተና ይሁን

የቃል፣ የተግባርና የሰነድ ፈተና መኖሩ ግልጽ ነው። አራተኛ ጨምሩ። ፈታኙ የቄራ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ይተውን፦ መኪናው ወደብ ሊያመልጠው ነው፣ ዛሬ ብቻ እለፈን፣ የአንተን ወንድም እኮ የቀጠርነው እኛ ነን። ደረሳው በአክብሮት ቆሞ መስመሩን ያስቆማል ወይስ ይለሳለሳል? እዚህ የወደቀን ሰው ሌላው ውጤቱ ከፍ ቢልም አታሳልፉት።

የምስክር ወረቀቱ ፎቶ፣ ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው፤ በየሁለት ዓመቱ በአጭር ፈተና ይታደስ። ያለፉትን ቁጥሮች ቀጣሪ የሚያጣራበት መዝገብ ክፈቱ፤ የተሰረዘውም ይታይ።

ደረጃ 9፦ ገንዘብ

ክፍያው ከደረሳው፣ ከወቅፍ ወይም ከስፖንሰር ይምጣ፤ ከአንድ ቄራ ብቻ ግን አይሁን። ለቸገረው ደረሳ ዘካ መዋል ይችል እንደሆነ ከዑለማችሁ ጋር ተመካከሩ። ከቄራዎች ጋር ስትዋዋሉ ተቆጣጣሪው በእንስሳ ቁጥር እንዳይከፈለው ግድ በሉ። በእርድ ብዛት የሚከፈለው ሰው መስመሩን ባቆመ ቁጥር ከኪሱ ይጎድላል።

ደረጃ 10፦ ሥርዓተ ትምህርቱን በየዓመቱ ክፈቱት

ደረጃዎች ይታደሳሉ፣ ፍርድ ቤቶች ይወስናሉ፣ አዲስ ነገር ገበያ ይገባል። ሲንጋፖር ከሴል የሚያድግ ሥጋ እንዲሸጥ በ2020 ፈቅዳለች። የአገሪቱ የሙስሊሞች ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2024 መስፈርቱን ካሟላ፣ ማለትም ሴሉ ከተፈቀደ እንስሳ ከተወሰደና በሒደቱ የተከለከለ ነገር ካልገባበት፣ ሊበላ እንደሚችል ፈትዋ ሰጥቷል። አንድ ደረሳ ቢላ የሌለበትን ሥጋ እንዴት እቆጣጠራለሁ ብሎ ቢጠይቃችሁ ከወዲሁ መልስ ይኑራችሁ፤ ሥራው ከሞላ ጎደል ደረጃ 7 ላይ ያለው የሰነድ ሥራ ነው። የዶሮ ማረጃ ማሽንና በቴፕ የሚሰማ ተስሚያም እንዲሁ የየገበያው አቋም ተለይቶ ይሰጥ። ቴፕ ኒያ (የልብ ሐሳብ) የለውም፤ እኔ በበኩሌ ለአራጅ ተስሚያ ምትክ አላደርገውም።

ለዚህ ክለሳ ከሁሉ የሚጠቅመው ከሥራ ቦታ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ተመራቂዎች የሚደውሉበት ስልክ ክፈቱ፤ ጥያቄው ይጻፍ፣ ዑለማውና ሐኪሙ በጽሑፍ ከነቀኑ ይመልሱ፣ መልሱም በሚቀጥለው ዙር ትምህርት ይሁን። ስልኩን በቢሮ ሰዓት ብቻ አትወስኑት። ብዙ ቄራ የሚሠራው በሌሊት ነውና ከፈጅር በፊት የሚያነሳ ሰው መድቡ።